ከ5 ግራም ውስጥ የጎደለው ውሃ

ፒያሳ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል መስኮት ላይ የሲትሪክ አሲድ ክሪስታል አሳድጋለሁ። ሎሚን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። ውሃ ውስጥ አሟሙቼ እተወዋለሁ። ውሃው ቀስ እያለ ሲተን ከሥሩ ጥርት ያሉ ክሪስታሎች ይቀራሉ። ከ36 ዲግሪ በታች ያደገ ክሪስታል በየሞለኪውሉ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይይዛል። የእኔ ክፍል ያን ያህል ስለማይሞቅ የማሳድጋቸው ሁሉ ውሃ አዘል ናቸው።

ያንን ውሃ በሚዛን ላገኘው ፈለግኩ። በስሌት ከክብደቱ 8.57 በመቶው ውሃ ነው። ከ5 ግራም 0.43 ግራም መጉደል አለበት። ወርቅ ቤት የሚሠራ ጎረቤቴ የግራም መቶኛ የሚያነብ ሚዛን አዋሰኝ።

መጀመሪያ ቸኩዬ ምድጃ ላይ ጣድኩት። ቀለጠ። ሲበርድ እንደ ከረሜላ ዕቃው ላይ ተጣበቀ። ሙቀቱ ሲፈጥን ውሃው መውጫ ጊዜ ስለማያገኝ ክሪስታሉ 100 ዲግሪ አካባቢ በራሱ ውሃ ይቀልጣል። ውሃው ቀድሞ ከወጣለት ግን እስከ 153 ዲግሪ ይችላል።

ቀጥሎ ካርቶን ውስጥ አምፖል አብርቼ ሙቀቱን 45 ዲግሪ ላይ ያዝኩት። አሁን ደግሞ 0.58 ግራም ጎደለ። በዛ! ሚዛኑን ጠረጠርኩ፣ ስሌቱን ደገምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ክሪስታሎቹን ከፈሳሹ አውጥቼ እንዳሉ ነው የመዘንኳቸው። ላያቸው ላይ የቀረው እርጥበት ከውስጡ ውሃ ጋር ተደምሮብኛል። እርጥበትና የክሪስታል ውሃ አንድ አይደሉም። እርጥበቱ እንግዳ ነው፤ የክሪስታሉ ውሃ ግን የቤቱ ምሰሶ ነው።

በሦስተኛው ሙከራ በሶፍት ጠረግኳቸው፤ ውሃው ቶሎ እንዲወጣ ፈጨኋቸው። ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ አልለወጥ እስኪል ድረስ በየጠዋቱ መዘንኩ። 0.42 ግራም! ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየሁት።

አንዷን ግን ሳልፈጭ ጎን ለጎን አስቀምጫት ነበር። ከሁሉም እሷ ናት ያስደነቀችኝ። ከጠርዟ ጀምሮ ነጣች፤ በመጨረሻ ወተት መሰለች። ማዕዘኖቿ ግን እንደነበሩ ናቸው። በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ፈረሰች። ውሃው ሲወጣ ሞለኪውሎቹ በሌላ አሰላለፍ ይደረደራሉ፤ አንዱ ክሪስታል እልፍ ደቃቅ ክሪስታል ይሆናል። ጥርት ያለ የስኳር ድንጋይ ሲፈጭ እንደሚነጣው ማለት ነው። ብርሃኑ በየደቃቁ እየተጋጨ ይበተናል። ቅርጿን ብቻ አይቶ «አልተለወጠችም» የሚል ሰው ይሳሳታል።

ሐምሌ ላይ የደረቀውን ዱቄት ያኖርኩበትን ብልቃጥ ስከፍት ዱቄቱ ጓጉሏል። ስመዝነው ከብዷል። ክዳኑን አላጠበቅኩትም ነበርና ከክረምቱ አየር ውሃ ስቧል።

ወዲያው አክስቴ ትዝ አለችኝ። ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ትወስዳለች። ይህ መድኃኒት እርጥበት ሲያገኘው ውሃ አዘል ክሪስታል ይሆናል። ኪኒኑ ይጠነክራል፣ ሆድ ውስጥም እንደ ልቡ አይሟሟም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እርጥበት ያለበት ቦታ የተቀመጠ ኪኒን እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ኃይሉን ሊያጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የአክስቴ ብልቃጥ የሚቀመጠው ማዕድ ቤት፣ ከማንቆርቆሪያው በላይ ነበር። በማግስቱ ሄጄ መኝታ ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩላት፤ ክዳኑንም አጠበቅኩት።