ሌላስ ምን እምቢ አለ?

ጅማ ላይ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። መርካቶ አካባቢ ሞባይል ለሚጠግን ሰው ደግሞ ምሳ የሚረሳበት ቀን ነው። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳ የመጣው ገበያተኛ ሸጦ ሸምቶ ሲያበቃ ስልኩን ይዞ ብቅ ይላል። አንዱ ቻርጅ አልይዝ ብሎት፣ ሌላው ድምፁ ጠፍቶበት። ሁሉም ይቸኩላል፤ መኪና ያመልጠዋል።

እንዲህ ባለ ቀን "ስክሪኑ አልዞር አለኝ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ቀላል ነዋ! አብዛኛውን ጊዜ መፍቻ አያስነሳም። ከላይ ወደ ታች ሲሳብ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ስክሪኑን በራሱ የሚያዞረው ኦቶ ሮቴት ጠፍቶ ይገኛል። ሳምሰንግ ላይ ሲጠፋ "ፖርትሬት" የሚል ጽሑፍ ስለሚመጣ፣ ባለቤቱ መጥፋቱን ልብ አይለውም። አይፎን ላይ ቀስት የከበባት ጓጉንቸር የምትመስል ምልክት አለች። እሷ ከበራች ስልኩን ብታገላብጠው ንቅንቅ አይልም።

ኦቶ ሮቴት በርቶም የማይዞር አለ። አፖቹ የተደረደሩበት ዋናው ገጽ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ካልፈቀዱለት በቀር አይዞርም። አንዳንድ አፕ ደግሞ ሲሠራ ጀምሮ እንዳይዞር ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ላይ ነው እምቢ ያለህ?" ብዬ ነው። "የባንኩ አፕ ላይ" ካለኝ ጋለሪ ከፍቼ አንድ ፎቶ አዞርለታለሁ። ከዞረ ስልኩ ጤነኛ ነው። ለዚህ ብር መቀበል ያሳፍራል፤ አልቀበልም። ረዳቴ ግን በዚህ ጉዳይ ከኔ ጋር አይስማማም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ እያለ ብታሽከረክረው አይዞርም። ብልሽት አይደለም። ስልኩ የቱ ጎኑ ወደ ታች እንደሆነ የሚለየው በምድር ስበት ነው። ውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የሚባለው ሴንሰር በዓይን በማትታይ የሲሊከን ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለች ቁራጭ አለችው። ስልኩ ሲያዘነብል እሷም ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ ያችን ፈቀቅታ ነው የሚለካው። ጠፍጣፋ ሲተኛ ስበቱ በሙሉ በጀርባው በኩል ስለሆነ ግራና ቀኙን የሚለይበት ነገር የለም። ባንኮኒ ላይ አስተኝቶ "ይኸው አይዞርም!" እያለ የሚጨቃጨቀኝ ደንበኛ በየሳምንቱ አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የኛን ሙያ አንድ ነገር ልውቀስ። "ሴንሰሩ ሞቷል" የሚለው ቃል ከአፋችን ቶሎ ይወጣል። ደንበኛው ማረጋገጫ የለውም። ቦርዱ ይከፈታል፣ ትኩስ አየር የሚተፋው ሂት ጋን ይነፋበታል፣ ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበረው ነገር ሁሉ ያኔ ይታመማል።

ያን ሐሙስ የመጣው ሰውዬም የያዘው ይህንኑ ፍርድ ነበር። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ገባ። ጎልማሳ ነው፤ ቦቲ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ከፌስታል ውስጥ ታብሌት አወጣ። ሰቃ በኩል እየዞረ የገበሬዎችን የቡና ማሳ ይመዘግባል። አውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደን ሕግ ምክንያት ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛው መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ዙሪያው በሙሉ ካርታ ላይ ይሰመራል። እሱ ካርታውን በወርዱ ማስፋት ይፈልጋል፤ ታብሌቱ አይዞርም።

"ሌላ ቦታ አሳይቼው ነበር፤ ሴንሰሩ ሞቷል፣ ቦርዱ ይከፈት አሉኝ" አለ።

ረዳቴ ይሄን ሲሰማ መፍቻውን አንስቷል። "ቆይ" አልኩት።

ኦቶ ሮቴት በርቷል። ከባንኮኒው አንስቼ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ምንም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። በሴፍ ሞድ አስነሳሁት። ሴፍ ሞድ ከውጭ የተጫኑ አፖችን ሁሉ ያስቆማል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የአንዱ አፕ ከሆነ እዚያ ላይ ይጋለጣል። አልተጋለጠም።

ቀጥሎ ሴንሰር የሚያነብ ትንሽ አፕ በዜንደር ላክሁበት። ሳምሰንግ ስልክ ቢሆን *#0*# መደወል ይበቃ ነበር፤ የመፈተሻ ገጹ ራሱ ይከፈታል። ይሄ ግን ሲም የማይወስድ ታብሌት ነው። አፑ ላይ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የኔን ስልክ ከጎኑ ያዝኩና ሰውዬውን አሳየሁት። ስልኬ ሲቆም ዋይ 9.8 አካባቢ ይላል። በጎኑ ሳደርገው 9.8ቷ ወደ ኤክስ ትዘላለች። ሳስተኛው ወደ ዜድ። ያቺ 9.8 የምድር ስበት ናት። ሰውዬው ስልኩን ተቀብሎኝ ራሱ እያገላበጠ ሞከረው፤ ፈገግ አለ። የሱ ታብሌት ላይ ግን ሦስቱም ዜሮ። ብታቆመው ዜሮ፣ ብትነቀንቀው ዜሮ።

"አየህ፣ ሞቷል" አለ ረዳቴ። እውነቱን ለመናገር ማንም ሰው እዚህ ላይ እንደዚያው ይላል።

እኔ ግን አንድ የማልተዋት ጥያቄ አለችኝ። "ጋሼ፣ ሌላስ ምን እምቢ አለህ?"

"ሌላ ምንም የለበትም" አለ። ትንሽ ቆየና "ካሜራው ብቻ ይቸግራል። እሱ እንኳ ዝናብ መትቶት ይሆናል። ፎቶ በራሴ ስልክ ነው የማነሳው" አለ።

ደንበኛ እንዲህ ነው። በጣም ያበሸቀውን አንዱን ይነግርሃል፣ የቀረውን ለምዶት ይተወዋል። ካሜራውን ልከፍት ሞከርኩ፤ አልከፈት አለ። የድምፅ መቅጃውን ሞከርኩ፤ ይቆጥራል፣ ግን መልሰህ ስታዳምጠው ጭጭ። ጂፒኤሱ ግን ይሠራል። አሁን ነገሩ ተለወጠ። ማዞሪያው ሴንሰር፣ ካሜራውና ማይኩ ቦርዱ ላይ በየራሳቸው የተቀመጡ ዕቃዎች ናቸው። ሦስቱ ተማክረው ባንድ ሳምንት አይሞቱም። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ዘግቷቸዋል።

ይሄን ያልኩት የእውነት የሞተ ሴንሰር ስላየሁ ነው። አንዴ ውኃ ውስጥ የገባ ስልክ መጣልኝ። ሌላ ቦታ በአልትራሶኒክ ማጠቢያ ታጥቦ ነበር፤ ያ በድምፅ ሞገድ ቆሻሻ የሚያራግፈው ማሽን። ስልኩ ተነሣ፣ ካሜራው ጥርት፣ ድምፁ ጥርት፤ ማዞር ብቻ የለም። ለዝገት የሚበጀው ያ ንዝረት እነዚያን ቀጫጭን የሲሊከን ስፕሪንጎች ሊሰብር ይችላል። የሴንሰር አምራቾችም በዚያ እንዳይታጠብ ያስጠነቅቃሉ። የእውነት ሲሞት እንደዚያ ነው፤ ብቻውን ይሞታል። አብሮት የሚሄደው የእርምጃ መቁጠሪያውና እያዘነበሉ የሚነዱት የመኪና ጌም ነው። ካሜራ አይከተለውም።

ታብሌቱን ከላይ ሳብኩት። ሳጥኖቹን ወደ ጎን ገፋ ገፋ ሳደርግ የመጨረሻው ገጽ ላይ "ሴንሰርስ ኦፍ" የምትል ምልክት በርታ ተቀምጣለች። ነካኋት። ጠፋች። ታብሌቱን በጎኑ ሳዞረው ካርታው ሰፍቶ ሞላ።

ረዳቴ መፍቻውን ቀስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ መለሰው።

ይህቺ ምልክት በአንድሮይድ 10፣ ማለትም በ2019 እ.ኤ.አ. ነው የመጣችው። ካሜራውን፣ ማይኩንና የእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹን ባንድ ጊዜ ትዘጋለች። ግን ዝም ብላ አትገኝም። ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ነክቶ ለአፕ ሠሪዎች የተዘጋጀውን የዴቨሎፐር ሜኑ የከፈተ ሰው ነው ከዚያ የሚያወጣት። ማለትም የሆነ ሰው ሆነ ብሎ ገብቷል። እዚያው ሜኑ ውስጥ ታብሌቱን የሌለበት ቦታ ያለ የሚያስመስል የሐሰት ሎኬሽን መምረጫም አለ። የማሳ መገኛ በሚመዘግብ ታብሌት ላይ እሱን ማየት ደስ አይልም። ከፍቼ አየሁት፤ ምንም አልተመረጠበትም።

ለሰውዬው እንዳለ ነገርኩት። ዝም አለ። "ከኔ በፊት የያዘው ልጅ…" ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አልጎተጎትኩትም። ዴቨሎፐር ሜኑውን ዘጋሁት፣ ካሜራውን አስነሳን፣ ረዳቴን ፎቶ አነሳው፣ አለቀ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ሒሳቡ ላይ ነው። ረዳቴ በዓይኑ ብዙ አስጠራ። እኔ መቶ ብር አልኩ። ሰውዬው ቅር አላለውም፣ ግን ደረሰኝ ፈለገ፤ ፋይናንስ ያለ ደረሰኝ አያወራርድለትም። ምን ተብሎ ይጻፍ?

"የሴንሰር ጥገና በለው" አለ ረዳቴ።

"ሴንሰሩን መች ጠገንነው?"

"የሴቲንግ ማስተካከያ" ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። "ይሄን ይዤ ብሄድ 'እኛስ ሴቲንግ አንነካም ወይ?' ይሉኛል። እባክህ ወንድሜ፣ ሴንሰር የምትል ነገር አስገባበት።"

መጨረሻ ላይ "የሴንሰር ሴቲንግ ማስተካከያ" በሚለው ተስማማን። ማኅተሙን መታሁለት፣ ታብሌቱን ፌስታሉ ውስጥ ከተተና የሰቃ መኪና እንዳያመልጠው እየሮጠ ወጣ።