ዳቦዬን ይዤ ተመለስኩ

ከስሜን ተራሮች አሁን ገባሁ። እግሬ ዝሏል፣ ፊቴ በፀሐይ ተልጧል፣ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሌሊት 10 ሰዓት ከጎንደር ወጣን። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ታጣቂ ጠባቂ፣ ይዘን ገባን። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ፣ ብርዱን ንቀው ሣር ይነጫሉ። እንደነሱ በሣር የሚኖር ሌላ ዝንጀሮ የለም። እኔ ሞኟ ዳቦ አወጣሁ! ስካውቱ፣ አያ ነው የምንላቸው፣ ክላሻቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «ተይ ልጄ፣ ዛሬ ከሰጠሻቸው ነገ ቦርሳሽን ነው የሚቀሙሽ» አሉኝ። አፈርኩ።

ዋልያ አላየሁም። ከዚህ ተራራ በቀር ዓለም ላይ የትም በዱር የለም፣ እኔ ደግሞ በአንድ ቀን ላየው!

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፣ በ2017 ወጣ። ከዚያ በፊት በ2016 ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ይህን ሳስብ ነው እንቅልፌ የጠፋው። ሰው ቤቱን ለቆለት፣ እኛ ፕላስቲክ ጥለንበት እንመለሳለን።

ደግሞ መጸዳጃ ቤት! መንገድ ላይ ያረፍንበት ቦታ ውኃ አልነበረውም። ሴት ልጅ ታውቀዋለች ይህን ጣጣ። የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም ሮቶና በደንብ የሚዘጋ በር ቢኖር ሎጅ አልመኝም። ጥላ ያለው መቀመጫም ለእናቴ።

በሚቀጥለው እሷን ይዣት እሄዳለሁ። ዳቦውን መኪና ውስጥ በላነው፣ ደርቆ ነበር።