ሥራ የበዛበት የመሰለኝ ፕሮሰሰር

ጥምቀት ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጎንደር በእንግዳ ተሞልታለች። እኛ ግን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነን።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የደንበኞቹን ወርሃዊ ሂሳብ የሚያሰላው ሌሊት ነው። መጠባበቂያ ቅጂው ካለቀ በኋላ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። 2:30 ላይ ቢሮ ይከፈታል። አሮጌው ሰርቨር አንድ ፕሮሰሰር ብቻ፣ 8 ኮር (ስሌቱን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ነበረው። 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጅበት ስለነበር ለጥቂት ይደርሳል። አዲሱ ባለ 4 ሶኬት ነው፤ በእያንዳንዱ ሶኬት አንድ ፕሮሰሰር ይሰካል። በየሶኬቱ 16 ኮር፣ በድምሩ 64። ስንት ወር የጠበቅነው ማሽን! ፕሮግራሙን በ64 ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄዱ 64 የሥራ መስመሮች፣ እንዲነሳ አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት መዝገቡን ሳየው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። በር ላይ ሰው ተሰልፏል።

«ልጄ፣ አዲሱ ነው እንዴ ከአሮጌው የባሰው?» አሉኝ የሂሳብ ክፍሏ እትዬ። በቁጣ አልነበረም፣ ግን አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ ሌሊት ቁጭ ብዬ ቶፕን፣ ኮሮቹ ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ከፈትኩ። 64ቱም ኮሮች መቶ በመቶ ተይዘዋል። «ፕሮሰሰሩ አቅሙን ጨርሷል» ብዬ ለኃላፊዬ ነገርኩት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። ሁለተኛውን ስህተት ደግሞ ያኔውኑ ጨመርኩበት። የኃይል ቁጠባውን አጠፋሁ፣ ሃይፐርትሬዲንጉን (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራውን ቅንብር) ነካካሁ፣ የትሬዱን ቁጥር ቀየርኩ፤ ሁሉንም በአንድ ሌሊት። ሰዓቱ በጥቂት ደቂቃ ተቀነሰ። ግን የቱ እንደቀነሰው ማወቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ወደነበረበት መለስኩ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «በቶፕ ብቻ አትፍረድ፣ ፐርፍ እይ» አለኝ። ፐርፍ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚሆነውን የሚለካ መሣሪያ ነው። አየሁ። ኮሮቹ በአንድ ሳይክል (በአንድ የፕሮሰሰር ምት) የሚፈጽሙት በአማካይ 0.3 ትዕዛዝ ነው። የዘመኑ ፕሮሰሰር በአንድ ሳይክል ከአንድ በላይ ትዕዛዝ መፈጸም ይችላል። ታዲያ መቶ በመቶው ምንድን ነው? መጠበቅ ነው። ኮሩ ከሜሞሪ መረጃ እስኪመጣለት ቆሞ ሲጠብቅ፣ የሰርቨሩ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ያን ጊዜ እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። ቶፕ ላይ የሚሠራውም የሚጠብቀውም አንድ ይመስላሉ።

ምን እየጠበቁ ነው ብዬ ኑማስታትን፣ መረጃው በየትኛው ሶኬት ሜሞሪ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ አስነሳሁ። 40 ጊጋባይቱ መረጃ በሙሉ የተቀመጠው በመጀመሪያው ሶኬት ሜሞሪ ላይ ነው። የሌሎቹ ሦስቱ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በእንዲህ ዓይነት ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ሜሞሪ አለው፤ አሠራሩ ኑማ ይባላል። የሌላውንም ማንበብ ይችላል፣ ግን መንገዱ ይረዝማል። ዕቃው ሁሉ ቅዳሜ ገበያ መጋዘን ተከማችቶ ሠራተኛው አዘዞ ቢሆን ማለት ነው። ለእያንዳንዷ ዕቃ ባጃጅ ይዞ መመላለስ አለበት። የእኛ ማሽን የርቀት ሰንጠረዥ ለራስ ሜሞሪ 10፣ ለሌላው ሶኬት 21 ይላል። በዚያ ላይ 64 ኮር አንድ መጋዘን በር ላይ ይጋፋል።

መረጃው ለምን አንድ ቦታ ተከማቸ? ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ አንድን የሜሞሪ ገጽ (ትንሽ የሜሞሪ ቁራጭ) የሚያስቀምጠው መጀመሪያ የነካው ኮር ባለበት ሶኬት ላይ ነው። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ መረጃውን ሁሉ በአንድ ትሬድ ይጭንና ከዚያ ነው 64ቱን የሚያስነሳው። ሊኑክስ ገጾችን ወደሚጠቀምባቸው ኮር ለማቅረብ የሚሞክርበት መንገድ አለው። ነገር ግን ሁሉም ኮር ሁሉንም መረጃ የሚነካ ከሆነ ወዴት ያቅርበው?

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። በኑማ መቆጣጠሪያው ፕሮግራሙን ከነሜሞሪው በአንድ ሶኬት ላይ አሰርኩት፣ በ16 ትሬድ። የሶኬቱ ሜሞሪ 64 ጊጋባይት ስለሆነ ለመረጃው ይበቃል። 48 ኮር ሥራ ፈትቶ እያየሁ፣ 80 ደቂቃ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙን የጻፈችውን ልጅ አስቸገርናት። ትሬዶቹ ደንበኞችን ከአንድ ወረፋ እየወሰዱ ነበር የሚያሰሉት። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ድርሻ ራሱ እንዲጭንና ያንኑ ብቻ እንዲያሰላ አደረገችው። አሁን 64ቱም ኮሮች ሠርተው በ29 ደቂቃ ይጨርሳሉ። እትዬ ጠዋት ሲገቡ ሂሳቡ ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። «ተባረኩ» አሉን።

ኮሩ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ለምን ከ80 ወደ 20 ደቂቃ አልወረደም ብሎ ኃላፊዬ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ29ኙ ደቂቃ 12ቱ የመጨረሻውን ፋይል መጻፊያ ነው፤ እሱን የሚሠራው አንድ ኮር ብቻ ነው። ጂን አምዳል በ1967 እንዳሳየው፣ ተከፋፍሎ የማይሠራው ክፍል ኮር ቢጨመርም አይፈጥንም። 63ቱ ኮሮች በነዚያ 12 ደቂቃዎች ዝም ብለው ያያሉ። አሁን የያዝነው እሱን ነው።