ለአሮጌው ሰርቨር የሚስማማ ቴፕ ድራይቭ እንዴት መረጥሁ

ጅማ ከተማ ውስጥ ቡና በሚነግድ አንድ ድርጅት የኮምፒውተር ሥራ እሠራለሁ። የድርጅቱ የቆየ ሒሳብ የሚገኘው በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 በሚሠራ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ባክአፑም (መጠባበቂያ ቅጂው) ለዓመታት ሲቀዳ የኖረው ዲዲኤስ 4 በሚባሉ የመረጃ ቴፕ ካሴቶች ነው። ካሴቶቹን የሚያነበውና የሚጽፍባቸው ነባሩ ቴፕ ድራይቭ ካሴት ሲከቱበት መልሶ ማስወጣት በመጀመሩ ምትክ ማፈላለግ ግድ ሆነ።

ፍለጋውን የጀመርሁት ከሰርቨሩ ሳይሆን ከካሴቶቹ ነበር። አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ጊጋባይት ይይዛል ብሎ ነው፤ እኔ ግን በመደርደሪያችን ላይ ያለውን ካሴት ያነባል ወይ የሚለው መቅደም አለበት እላለሁ። ኤልቲኦ 3 የሚባለው ሌላ የቴፕ ዓይነት በአንድ ካሴት 400 ጊጋባይት ይይዛል፤ ሆኖም ካሴቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው የዲዲኤስ ቴፕ ጋር በምንም አይገናኝም። በተጨማሪም በሰከንድ እስከ 80 ሜጋባይት የሚቀበል ድራይቭ ከአሮጌ ዲስክ ቀስ እያለ መረጃ ሲደርሰው ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል፤ ይህም ቴፑንም የማንበቢያ ጭንቅላቱንም ይጎዳል። የዲዲኤስ ተከታይ ትውልድ የሆነው ዳት 72 በአንጻሩ 36 ጊጋባይት ብቻ ቢይዝም፣ ዲዲኤስ 3ንም ሆነ ዲዲኤስ 4ን ያነባል፤ ይጽፍባቸዋልም። በስሙ ላይ ያለው 72 መረጃው በግማሽ ይታመቃል በሚል ስሌት የመጣ ቁጥር ስለሆነ፣ ቀድሞ የታመቁ የስካን ፋይሎች ላሉት ሰው አይሠራም። ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜጋባይት ገደማ በመሆኑ አንድ ካሴት ለመሙላት ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለሌሊት ሥራ ግን ይበቃናል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ድራይቩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ የስካዚ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጥንቃቄ የጠየቀኝም እርሱ ነው። አዲስ አበባ ያገኘሁት ያገለገለ ዕቃ ሻጭ «ወንድሜ፣ ሶኬቱ ከገባ ይሠራል» ቢለኝም፣ ባለ 68 ፒን ሶኬት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ኤልቪዲ እና ኤችቪዲ የሚባሉት ሁለት የስካዚ ዓይነቶች ተመሳሳይ ሶኬት ቢኖራቸውም ኤሌክትሪካቸው የተለያየ ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት ዕቃን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ድራይቩን ገልብጬ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብሁና ኤልቪዲ መሆኑን ካየሁ በኋላ ብቻ ገዛሁት። ዲስኮቹን ከሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ጋርም አላገናኘሁትም፤ የራሱ የሆነ ካርድ ገዛሁለት፣ በኬብሉ መጨረሻ ተርሚኔተር (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋ መግጠሚያ) አደረግሁ፣ ድራይቩ በመስመሩ ላይ የሚለይበትን ቁጥርም 4 አልሁት፤ 7 አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ የራሱ ቁጥር ነውና።

ሰርቨሩ ድራይቩን ሲያውቀው ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ እኔ ግን ድራይቩን የተቀበልሁት ከአሮጌ ካሴት የአንድ ዓመት ሒሳብ በሌላ ፎልደር ላይ መልሼ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደረሰኞቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያይተው ትክክል ነው ካሉኝ በኋላ ነው። ጅማ ዝናብና እርጥበት ስለሚበዛባት ካሴቶቹ ከመጋዘን ሲወጡ ወዲያው ድራይቭ ውስጥ አይገቡም፤ ከሰርቨሩ ክፍል አየር ጋር እስኪላመዱ ድረስ ይቆያሉ።

ከሰርቨር 2008 ጀምሮ የዊንዶውስ የራሱ ባክአፕ ቴፕ ላይ መጻፍ ስላቆመ፣ የድሮዎቹ ካሴቶች ይዘት በሙሉ ወደ ዲስክ እስኪገለበጥ ድረስ ይህ ሰርቨር እንዳይቀየር ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተስማምተናል፤ አሁን ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ጀምሬ እየገለበጥሁ ነው።