ሲስተሙ «አለ» ካለ

ብዙ ቅርንጫፍ ባለው የችርቻሮ መደብር የሠራ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ዕቃ የሚያዘው ሻጩ አይደለም፤ ሲስተሙ ነው። ካሸሯ ባርኮዱን ስካን ባደረገች ቁጥር ከክምችቱ ላይ አንድ ይቀነሳል። ቁጥሩ ከተቀመጠለት መጠን በታች ሲወርድ ትዕዛዙ በራሱ ወደ ማዕከላዊው መጋዘን ይሄዳል። ማንም ወረቀት አይሞላም። ቁጥሩ ትክክል እስከሆነ ድረስ የሚያስመሰግን አሠራር ነው።

የንጽሕና ዕቃዎች ክፍል ስሠራ፣ አንድ ሰሞን የሎሚ ሽታ ያለው ሳሙና ድራሹ ጠፋ። ደንበኛ ይጠይቀናል። በእጃችን ባለው ማሽን ስናየው «14 አለ» ይላል። ስቶር ገብተን ካርቶን ስንገለብጥ ብንውል አንድም የለም። የላቬንደር ሽታ ያለው ሳሙና ግን ጭነት በመጣ ቁጥር ይጨመራል። መደርደሪያው ሞልቶ መተላለፊያው ላይ መቆለል ጀመርን።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርነው። «ሲስተሙ አለ ካለ አለ፤ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ» አለን። ፈለግን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የታወቀ ነው፦ ሌብነት። ማታ ስንወጣ ቦርሳችን ይበረበር ጀመር። መደርደሪያውን የምትይዘው አዲስ ልጅ ደግሞ «ነገሩ እስኪጣራ» ተብላ ስቶር ውስጥ ጋሪ እንድትገፋ ተደረገ። ፊት ለፊት ሌባ ያላት የለም። ግን በምሳ ሰዓት እሷ ስትመጣ ወሬው ቀጥ ይላል። እኔ ይሄ ከስድብም ይብሳል ባይ ነኝ። ለነገሩ ሳሙና ሰርቆ የከበረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ነገሩን የፈቱት የስቶር ኃላፊያችን ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ገበያው በደራበት ሰዓት መጥተው ከካሸሯ ጀርባ ቆሙ። አንድ ደንበኛ ሳሙናዎቹን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈ፤ 3 የሎሚ፣ 2 የላቬንደር። ካሸሯ አንዱን ላቬንደር አነሳች፣ ስካን አደረገች፣ በ5 አባዛችው። አለቀ፤ ቀጣይ!

«ልጄ፣ እስቲ ደረሰኙን አሳዪኝ» አሏት። አምስቱም ላቬንደር ነው የሚለው።

የሁለቱ ዋጋ እኩል ስለሆነ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘቡ ልክ ይመጣል። ባርኮዳቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ሎሚው ከመደርደሪያ ሲያልቅ ሲስተሙ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ አለ ስለሚባል አይታዘዝም። ላቬንደሩ ደግሞ ሳይሸጥ እንደተሸጠ ይቆጠርና እንደገና ይታዘዛል። የጠፋ ሳሙና አልነበረም። ተሸጧል፤ በሌላው ስም።

ካሸሯ ላይ መፍረድ ግን ይከብደኛል። በየሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ዝርዝር ይመጣል፤ ማን በደቂቃ ስንት ዕቃ እንዳሳለፈች የሚናገር። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ስሟ ከታች የወጣ ቢሮ ትጠራለች። በዚህ ላይ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። አምስቱን አንድ በአንድ አንሺ ብትባል ማን ትሰማለች?

ቆጠራው ተስተካከለ፤ ሎሚው ዜሮ ተባለ። በሚቀጥለው ጭነት መጣ። ሽታቸው የሚለያይ ዕቃዎችን ማባዛት ተከለከለ። ጋሼም ጠዋት በር ሳይከፈት ባዶ መደርደሪያዎቹን እየዞርን ከሲስተሙ ጋር እንድናስተያይ አስለመዱን። ሌላ ቅርንጫፍ ስዛወርም ይህንን አልተውኩትም፤ ሲስተሙ «አለ» የሚለውና መደርደሪያው ላይ የሌለ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያኔ መጀመሪያ የማየው ደረሰኝ ነው፤ የሰው ቦርሳ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ «የካሸሮቻችሁ ፍጥነት ቀንሷል» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣልን። መቼስ ምን ይባላል።

ልጅቷን ይቅርታ የጠየቃት የለም። ወደ ቦታዋ መለሷትና፣ የመጣውን የሎሚ ሳሙና ደርድሪ አሏት።