ዱላዬና መፋቂያዬ

ዘንድሮ ከክላሪኔት ወንበሬ ተነስቼ ረዳት የኦርኬስትራ መሪ ሆኛለሁ። «ረዳት» ስል ሰው ሁሉ ወያላ የሆንኩ ነው የሚመስለው።

ሙሉ ኦርኬስትራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በማለማምድበት ጠዋት ከአራት ኪሎ የለገሃር ታክሲ ያዝኩ። አራት በሚያስቀምጠው የኋላ ወንበር አምስተኛ ሆኜ ገባሁ። እውነተኛው ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ከጎኔ ካሉት እናት ጋር ተጣበቅንና ከቦርሳዬ ውስጥ «ቀጭ!» አለ።

«ውይ ልጄ! አጥንትህ ነው?»

«አይ እማማ፣ ዱላዬ ነው።»

«ዱላ? ለምንህ?»

«ሰው ልመራበት።»

እማማ ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም።

ባቶኗ፣ የመሪነት ዱላዬ፣ ለሁለት ተሰብራለች። በባዶ እጅ የሚመሩ ሞልተዋል፤ እኔ ግን ጀማሪ ነኝ፣ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ብሔራዊ፣ አንበሳው ሐውልት ጋ፣ መፋቂያ የሚሸጥ ልጅ አገኘሁና እስሩን በሙሉ በረበርኩበት። ረጅምና ቀጥ ያለ ወይራ መርጬ እዚያው በአራት ምት ሞከርኩት፦ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ልጁ ትንሽ አየኝና «ጋሼ፣ ለጥርስ ነው እኮ» አለኝ።

ቀላል ዱላ ደግሞ ይሻላል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሙዚቀኛ ሉሊ በከባድ ዘንግ ወለሉን እየመታ ሲመራ የገዛ እግሩን መትቶ፣ ቁስሉ መርቅዞ በ1687 እ.ኤ.አ. ሞቷል። በመፋቂያ የሞተ መሪ አልሰማሁም።

ልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥሩ ሄደልኝ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ትሮምቦኖች ብቻ የሚገቡበት ቦታ ደረስን። በልቤ እየቆጠርኩ ሳለ እጄ የለመደችውን አትረሳም፣ መፋቂያዋን ይዛ ቀስ ብላ ወደ አፌ ወጣች። የመሪ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ለነፋሾች «ትንፋሽ ሳቡ» ማለት ነው። ሳቡ። ሁለት ባር፣ ማለትም ሁለት የምት ዙር፣ ቀድመው ገቡ!

ለምን እንደቀደሙ ማሰላሰል ጀመርኩ። ሳሰላስል ደግሞ እፍቃለሁ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ አጠር አጠር፣ ፈጠን ፈጠን። የመሪ ምት ሲያጥር ድምፅ ይቀንሳል፣ ሲፈጥን ሙዚቃው ይፈጥናል። ቫዮሊኖቹ ታዛዦች ናቸው፤ በሹክሹክታ ሽምጥ ጋለቡ።

አስቆምኳቸው። «ማነው የቀደመው?!» ብዬ ልቆጣ ስል እንጨቱ አፌ ውስጥ ነው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ፍሉት የምትነፋው ልጅ ብቻ ከወንበሯ ሥር የውኃ ላስቲኳን አንስታ ዘረጋችልኝ።

«ማኤስትሮ፣ መጉመጥመጫ።»