«ተጣላን» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

በአማርኛ «ተጣልተናል» ሲባል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ወር ሙሉ መኳረፍም ጠብ ነው። በእቁብ ገንዘብ መጯጯህም ጠብ ነው። መንገድ ላይ በቡጢ መማታትም ጠብ ነው። ሰሚው የጎደለውን ከፊታችንና ከድምፃችን ይሞላዋል። ግራ ሲገባው ደግሞ «በአፍ ነው ወይስ ተማታችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። የተናገራችሁት ቃል ፎርም ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ስለ እናንተ የሚናገረው ፎርሙ ነው።

የምሠራው ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴል ውስጥ ነው። ሐበሻ የበዛበት ሥራ ነው። ነገር ሲፈጠር «እስቲ ነይ አስረጂልን» ይሉኛል። ሄጄ የማየው ነገር ደግሞ ተመሳሳይ ነው። ሰዎቻችን እንግሊዝኛ አጥተው አይደለም የሚቸገሩት። ቃሉ ከነገሩ በጣም ይከብዳል፣ ወይም በጣም ይቀላል።

ላውንደሪ ክፍል የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ለስቅለት ዕረፍት ጠየቁ። ሱፐርቫይዘሩ ወጣት ፈረንጅ ነው፤ «ስቅለት እኮ አለፈ» አላቸው። የእነሱ አልፏል፣ የእኛ ገና ነው። እሳቸው ስለ ቀን መቁጠሪያ ሊያስረዱት ሞከሩ፣ ልጁ አልገባውም፣ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ፣ አለቀ። በማግስቱ ኤችአር፣ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ ገብተው ፎርም ሞሉ። «ከሱፐርቫይዘሬ ጋር ፋይት ነበረን» ብለው ጻፉ።

ስጠራ ሄጄ ሳይ ቢሮው ውስጥ ሴኩሪቲ ቆሟል። የኤችአሯ ሴት እስክሪብቶዋን ይዛ «ነካህ? ነካኸው?» እያለች ትጠይቃለች። ጋሼ ፊታቸው በንዴት ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«ተጣላን ነዋ! ተጣልተን ምን ልበል ታዲያ?»

«ይቺ ሴት ተማቱ ብላ ነው የምታስበው።»

«እኔ? ልጄ የሚሆን ልጅ እኮ ነው! በስቅለት ሳምንት እጄን ላነሳ?»

ለሴትየዋ ቃል በቃል ነገርኳት። «ዲስአግሪመንት ኦቨር ስኬጁል»፣ በሥራ ፕሮግራም አለመስማማት፣ በሚል ፎርሙ እንደ አዲስ ተሞላ። ሴኩሪቲው ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ኦርቶዶክስ ስቅለት መነጋገር የተቻለው።

ፋይት ሁልጊዜ ዱላ ነው ማለቴ አይደለም። ባልና ሚስት ወይም ጓደኛሞች «ዊ ሃድ ኤ ፋይት» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በአፍ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትሉት ማንም አይደነግጥም። ቃሉን የሚያከብደው ቦታው ነው። በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤትና በፖሊስ ፊት ፋይት ከተባለ እጅ ተነሥቷል ተብሎ ይታሰባል። ፖሊሶች ራሳቸው ሁለቱን ለመለየት «ቨርባል» እና «ፊዚካል» የሚሉ ቃላት ይጨምራሉ። ቨርባል በአፍ ነው፣ ፊዚካል አካል ሲነካ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ እነዚህን ሁለቱን ያዙ።

አርጊዩመንት ደግሞ እንደ እኛ ክርክር ሁለት መልክ አለው። የድሮ ተሟጋቾች «ተጠየቅ» «ልጠየቅ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት የሚቆሙበት ሙግት ክርክር ነው፤ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅም ሲጦዝ ክርክር እንለዋለን። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቆች የሚያቀርቡት አርጊዩመንት ይባላል፣ ሳህን ባለመታጠቡ የተነሣ ጩኸትም አርጊዩመንት ይባላል። ዲስአግሪመንት ግን ቁጣ አያስፈልገውም። ፈረንጅ ስብሰባ ላይ ፈገግ ብሎ «አይ ዲስአግሪ» ይላችኋል፣ ከዚያ ምሳ አብረን እንብላ ይላል። እኛ ቤት በሰው ፊት «አልስማማም» የተባለ ሰው ቂም ሊይዝ ይችላል። እዚህ ቂም መያዝ አያስፈልግም፤ ሰውዬው በእናንተ ላይ ምንም የለውም።

ኮንፍሊክት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ በዜና የምንሰማው ከጦርነት ጋር ስለሆነ ነው። አለቃችሁ «ሐሙስ ኮንፍሊክት አለብኝ» ካለ ግን ሌላ ቀጠሮ አለው ማለት ነው። ዲስፒዩትም እንደዚያው ነው። ባንክ «ዲስፒዩት ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» ሲል ፍርድ ቤት እንሂድ ማለቱ አይደለም። ካርዳችሁ ላይ ያላወጣችሁት ወጪ ካለ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት ነው። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለክሬዲት ካርድ ስህተት ይህን መብት ሰጥቷል፤ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ቃሉን ፈርተው ገንዘባቸውን የተዉ ሰዎች አውቃለሁና ያሳዝነኛል።

በሥራ ቦታ ቅሬታም ደረጃ አለው። ኮንሰርን ለስላሳው ነው፤ ግን በፈረንጅ አፍ «ኮንሰርን አለኝ» ከተባለ ነገሩ ቀላል አይደለም። ኮምፕሌይንት ጠንከር ይላል። ግሪቫንስ ደግሞ ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ባለበት መሥሪያ ቤት የራሱ ሥርዓት ያለው ነው። «ውሉ ተጥሷል» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ነው። የጊዜ ገደብ አለው፣ ካልተፈታ ወደ ሽምግልና ዳኛ ይሄዳል። ብዙ ሐበሻ እያለቀሰ ለተወካዩ ይነግረዋል እንጂ «ግሪቫንስ ፋይል ማድረግ እፈልጋለሁ» አይልም። ቀኑ ያልፋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቤት ጉዳይ ነው።

እዚህ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ነርሷ ለብቻችሁ «ዱ ዩ ፊል ሴፍ አት ሆም?» ብላ ትጠይቃለች። ቤትሽ ውስጥ ደኅንነት ይሰማሻል ወይ ማለቷ ነው። የተመታች እህታችን ምን ትላለች? «ትንሽ ተጨቃጨቅን» ትላለች። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢሆን አይኗን አይቶ፣ ክንዷን አይቶ፣ «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ይጠራጠራል። በእንግሊዝኛ ግን «ስሞል አርጊዩመንት» ሆኖ ይጻፋል። አርጊዩመንት ወንጀል አይደለም፤ ወረቀቱ ተዘጋ ማለት ነው። ነገ ጥበቃ ብትፈልግ ያ ወረቀት አይረዳትም።

የተመታ ሰው «መታኝ» ይበል። «ሂ ሂት ሚ» በቂ ነው። ይሉኝታ ይቆየን።

በሌላ በኩል በአፍ ብቻ ተጨቃጭቀው ጎረቤት 911 የደወለባቸው ባልና ሚስት አሉ። ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ «ምን ተፈጠረ?» ሲል «ፋይት» ይላሉ። በዲሲና በቨርጂኒያ ሕግ ፖሊሱ በቤተሰብ መካከል ጥቃት ተፈጽሟል ብሎ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ካገኘ በመደበኛው ማሰር አለበት፤ «ታርቀናል» ቢሉት እንኳ። በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል። አሶልት የሚለው ቃል በድሮው ሕግ ሳይነኩ ማስፈራራትንም ይይዛል፤ መንካቱ ባተሪ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረጉ ስቴቶች አሉ። ስለዚህ ፖሊስ ፊት ስትቆሙ የጠቡን ስም ከመጥራት የሆነውን መናገር ይሻላል። ማን ጮኸ፣ ማን ገፋ፣ ማን ነካ፣ ማንም ካልነካም ማንም አልነካም።

ወረቀቷን በባሏ በኩል የምትጠብቅ እህት ካለች ይህንን ትወቅ። በ1994 የወጣ ሕግ አለ፤ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል የሚያሠቃያት ሚስት፣ እሱ ሳያውቅ ለራሷ እንድታመለክት ይፈቅዳል። ይህን ሕግ ለመጠቀም የደረሰባትን በትክክለኛ ስሙ መናገር አለባት። «አልተስማማንም» ብላ የተናገረችው ታሪክ ኢሚግሬሽን ቢሮ ውስጥ ምንም አይሠራላትም።

አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «አምሃሪክ ፕሊስ» ማለት ነው። አስተርጓሚው በስልክ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥር ዓመት ልጅ እናቱና ፖሊስ መካከል ቆሞ «ምን አለች?» ሲባል የሚመርጠው ቃል ከትምህርት ቤት ያመጣው ነው። ወይ ፋይት ይላል፣ ወይ አባቱን ፈርቶ «ነቲንግ»፣ ምንም፣ ይላል። ልጁን ወደ ሌላ ክፍል ላኩትና አስተርጓሚው መስመር ላይ እስኪገባ እንጠብቃለን በሉ።